የአብደራፊ ሁለት ዐይኖች

በሰሌዳም ሆነ በማኅተም ላይ የአብደራፊ ስም የሚጻፈው በአልፋው አ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ በታካሚ ካርድ ላይ እንዲሁ ስጽፈው ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቅር ያለኝ አንድ ሽማግሌ ስክሪብቶዬን ተቀብለው በካርዱ ጀርባ ላይ አንዲት ፊደል የጻፉልኝ ቀን ነው።

ነርስ ነኝ። የተወለድኩት ደንቢያ ነው። ልጅነቴን ዳዊት ስደግም፣ ኋላም ቅኔ ቤት ጥቂት ስቀማምስ አሳልፌ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገባሁ። ወደ ቆላ የወረድኩት ሥራ ይዤ ነው። አብደራፊ የምዕራብ አርማጭሆ ከተማ ናት፤ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ከደጇ ጀምሮ እስከ ሱዳን ድረስ ተዘርግቷል። ክረምት ላይ ለአረም፣ ጥቅምት ላይ ለሰሊጥ ዐጨዳ የደጋው ወጣት በብዙ ሺህ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያድራል፣ ግራር ሥር ያርፋል። ከመሬቱ ስንጥቅ የምትወጣ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰውና ከወራት በኋላ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሥጋው አልቆ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት ወደ እኛ ይመጣል። ካላዛር ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አብደራፊ የገባው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ካላዛር የሚለው ስም ራሱ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ካላ በህንድኛ ጥቁር፣ አዛር በፋርስኛ ሕመም ማለት ነው። የተለመደው ሕክምና ሁለት ዐይነት መርፌ ነው፤ በቀን ሁለት፣ ለ17 ቀን፣ በድምሩ 34 መርፌ። መርፌ የምትለውን ቃል አደራ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሽማግሌው ሱዳናዊ ናቸው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ ዮሐንስ በኩል ከተሻገሩት ናቸው። ቀድሞም በሰሊጥ ንግድ ይመላለሱ ስለነበር አማርኛቸው ደኅና ነው። የልጅ ልጃቸውን መርፌ ለማስወጋት በየጠዋቱ ይዘውት ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ልጁ ተወግቶ እስኪረጋጋ ድረስ ቁጭ ብለው ካርዱን ሲያገላብጡ ቆዩና ጣታቸውን ማኅተሙ ላይ አሳርፈው፣ «ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አብደራፊ ይላል፣ ሐጅ።»

«አብ?» አሉ። «የማን አብ? አብማ አባት ነው። ዐብድ ነው እንጂ!»

እሳቸው ድምፁን ከጉሮሯቸው ሥር አወጡት። እኔ ልደግመው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስክሪብቶዬን ተቀበሉኝና በካርዱ ጀርባ ላይ አፏን ከፍታ የተቀመጠች የምትመስል የዐረብኛ ፊደል ጻፉ። «ይቺ ዐይን ናት» አሉኝ። እኔም ከሥሯ የእኛን ዐ ጻፍኩ። «ይቺም ዐይን ናት» አልኳቸው። የቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ «ዐይኑ ዐ» እያለ ያደገባት ናት። ክብ የሆነችው በከንቱ አይደለም። በየሓ ድንጋዮች ላይ በተቀረጸው የሳባ ጽሕፈትም ይቺው ፊደል ክብ ናት፤ ጥንት የዐይን ሥዕል ነበረች። ሽማግሌው ሁለቱን ፊደሎች አስተያይተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ከተማችሁ ሁለት ዐይን አላት። አንዱ መጀመሪያዋ ላይ ነው፣ አንዱ መጨረሻዋ ላይ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሱዳኖች የከተማዋን ስም ሲጽፉ ዐብድ አል ራፊዕ ብለው ነው፤ ሲያነቡት «አል» የምትለው በ«ራ» ተውጣ ዐብደ ራፊዕ ይሆናል፣ ዐብዱራሕማን በሚለው ስም ላይ እንደምንሰማው። ዐብድ አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው። አር ራፊዕ ደግሞ ሙስሊሞች ከሚቆጥሯቸው 99 የአላህ ስሞች አንዱ ነው፤ ከፍ የሚያደርግ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ለብቻው አይጠራም፤ ዝቅ የሚያደርግ የሚል ትርጉም ካለው ከአል ኻፊድ ጋር ተጣምሮ ነው የሚጠራው። ይህን ስሰማ የሳሙኤል እናት የሐና ጸሎት ትዝ አለኝ፤ እሷም እግዚአብሔር እንደሚያዋርድና ከፍ እንደሚያደርግ ባንድ ትንፋሽ ተናግራለች። እንግዲህ የከተማችን ስም «የከፍ አድራጊው አገልጋይ» ማለት ነው። በአልፋ ስንጽፈው የመጀመሪያው ዐይን ጠፋና አገልጋዩ አባት መሰለ፤ የመጨረሻው ዐይን ጠፋና ከፍ አድራጊው ምንም ሳይመስል ቀረ።

የፊደል ነገር ተራ ክርክር የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላየውም። አመት በአልፋው ሲጻፍ በግእዝ ሴት አገልጋይ ናት፤ ሐጅም በዐረብኛ እንዲሁ ነው የሚሏት። ዓመት በዐይኑ ሲጻፍ ዐሥራ ሦስት ወር ነው። ሁለቱን ባንድ ፊደል የጻፈ ሰው አገልጋይቱን ከዘመን መቁጠሪያው ጋር ቀላቅሏል። አማርኛ ተናጋሪ ጉሮሮ ድምፁን ከተወው ቆይቷል፤ ዐይኑን የያዘችልን ፊደሏ ብቻ ናት።

ዐብድ የሚለው ቃል ግን ሌላ ነገር ቀሰቀሰብኝ፤ ያን ቀን ለሐጅ አልነገርኳቸውም።

ለዳዊት ደጋሚ ልጅ ዐብድ አዲስ ቃል አይደለም። በመዝሙር 13 ላይ በልቡ «እግዚአብሔር የለም» የሚለው ሰው በግእዙ ስሙ ዐብድ ነው፤ ሰነፍ፣ ልቡን ያጣ ማለት ነው። የአማርኛው ዕብድ የመጣው ከዚያው ነው። እንግዲህ ሦስቱ ፊደላት ዐ፣ በ፣ ደ ናቸው፤ ባንዱ ቋንቋ አምላኩን የሚያመልክ ሰው ይጠራባቸዋል፣ በሌላው አምላኩን የሚክድ ሰው ይሰደብባቸዋል። ባንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ።

በመንደራችን የሸማኔ ልጅ ነበር፤ ስሙ በ«አብዱ» ይጀምራል። ዳዊት ከመድገም ስንመለስ በራቸው ላይ ቁጭ ብሎ ክር ሲያጠነጥን እናገኘዋለን። እኛ የግእዝ ልጆች ነን፤ ቃሉን ዐውቀናል፤ ስለዚህ ስሙን አጣመን ዕብዱ እያልን እንጮህበት ነበር። አንድ ቀን ክሩን አስቀምጦ ተነሣና፣ «እኔ ዕብድ አይደለሁም፣ አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው» አለን። እኛ ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ልጅ የሰደብነው በግእዝ ነው፤ በተማርነው፣ በጸሎት ቋንቋ። ከሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥኩ። ከትንቢት መጻሕፍት መካከል 21 ቁጥር ብቻ ያላት አንዲት መጽሐፍ አለች፤ ትንቢተ አብድዩ ትባላለች። ስሙን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! በዕብራይስጥ ኦባድያ ነው፤ ዐብድና ያህ፣ የእግዚአብሔር አገልጋይ። በትርጉሙ ከዐብደላህ ጋር አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «አብድዩ» ሲባል የሚስቅ ዲያቆን አላየሁም። ራሴም አልሳቅሁም። የዳዊት አያት ኢዮቤድም ከዚሁ ቃል ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ግእዝን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር እያስተያዩ የደከሙበት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላት ያስተማረን ይህንኑ ነበር፤ ቃል ዘመድ አለው፣ ዘመዱ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም።

ከአብድዩ ይልቅ ግን እንቅልፍ የነሣኝ አብደናጎ ነው። አብደ ናጎ፣ አብደ ራፊ፤ ስሞቹ ባንድ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። በትንቢተ ዳንኤል እንደምናነበው የልጁ ስም አዛርያ ነበር፤ «እግዚአብሔር ረዳ» ማለት ነው። ተማርኮ ባቢሎን ሲወሰድ የንጉሡ ሹም ስሙን ለወጠና አብደናጎ አለው፤ የናጎ አገልጋይ፣ ባቢሎናውያን የሚያመልኩት የጣዖት ስም ተቀጠለበት። ልጁ በዚያ ስም እየተጠራ ለምስሉ አልሰግድም ብሎ እሳት ገባ። ታኅሣሥ 19 ቀን ሕዝቡ ቁልቢ ድረስ የሚሄደው፣ እኛም እዚህ የማሽላው ዐጨዳ ሳያልቅ የምናከብረው ሠለስቱ ደቂቅ፣ እሱና ሁለት ጓደኞቹ፣ ከእሳት የወጡበትን ቀን ነው። ከሦስቱ አንዱን እስከ ዛሬ በጣዖቱ ስምም እንጠራዋለን። የተሰጠው ስም አላሠረውም።

አውጪው ደግሞ ገብርኤል ነው። ገብር በግእዝ አገልጋይ ነው፤ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ መስቀል ስንል ሌላው በዐብድ የሚለውን ነው የምንለው። የገብርኤል ስም ግን ዕብራይስጥ ነው፤ በዕብራይስጥ ገብር ሰው፣ ጀግና፣ ብርቱ ነው። በዐረብኛ ጀብር ይሆንና ማስገደድ፣ የተሰበረ አጥንት መጠገንም ይሆናል፤ ተማሪን የሚያስጨንቀው አልጀብራ ከዚያ ነው የወጣው። አንዱ ቃል ባንድ አገር ክንዱን ሲያሳይ በሌላ አገር ጎንበስ ብሏል። በእኛ ዘንድ ከገብር ግብር ወጣ፣ ተግባር ወጣ፣ ገበሬ ወጣ። ዕብራይስጡ ዐብድም እንዲሁ ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ገነትን እንዲያበጃት የታዘዘበት ቃል ይኸው ነው፣ መቆፈርም ማምለክም ይሆናል። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ቃላት፣ ዐብድና ገብር፣ በየፊናቸው ሄደው ሄደው እርሻ ላይ ተገናኙ። የአብደራፊን ሜዳ ጥቅምት ላይ ያየ፣ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ የሚያጭደውን የሰው ረድፍ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ስል ቃሉን ንጹሕ አድርጌ ለማቅረብ አይደለም። ዐብድ በሱዳን ዛሬም ስድብ ነው። ቆዳው የጠቆረን ሰው ለማዋረድ ይጠሩበታል፤ ባሪያ ለማለት። እኛም ባሪያ የምትለውን ቃል እንዲሁ አድርገናታል። በጸሎት «እኔ ባሪያህ» ብለን ራሳችንን በደስታ የምንጠራበት ቃል ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንወጣ ጎረቤታችንን የምናቆስልበት ነው። መተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሪያ ገበያ ነበረች፤ ከወዲህም ከወዲያም ያለው ነጋዴ ሰው ሸጦባታል። ቃሉ አላህ ወይም ሥላሴ ሲከተለው ክብር ይሆናል፤ ሰው ሲከተለው ሰንሰለት ይሆናል።

አምላክ የተከተለውም ቢሆን ዋስትና የለውም። መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ሲወድቁ ራሳቸው ተቆርጦ የተላከው ኦምዱርማን ለተቀመጠው የደርቡሾች ኸሊፋ ነበር፤ ስሙ ዐብዱላሂ ይባላል፣ የእግዚአብሔር አገልጋይ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የእሱ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሏል። በእኛም በኩል የሆነውን ልሸሽግ አልችልም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ በንጉሡ ታዘዋል፤ መሐመድ ዐሊ የነበሩት ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። አዛርያን አብደናጎ ያለው ሹም የሠራው ሥራ እንግዲህ ባቢሎን ብቻ አልቀረም። ስም የሚለውጥ ሥልጣን ልብ ለመለወጥ እንደማይችል ዳንኤል ጽፎልን እያነበብነው ሳለ አደረግነው።

ታዲያ ዳዊት ላይ ያለው ዐብድ ማን ነው? የቋንቋ ሊቃውንት የግእዙን ዐብድና የዐረብኛውን ዐብድ ባንድ ሥር ያስቀምጧቸው ዘንድ አልጠይቅም፤ ድምፃቸው መግጠሙ ዝምድናቸውን አያረጋግጥም። እኔ የማነበው እንደ አማኝ ነው። አብድዩ ያህ አለው። ዐብደላህ አላህ አለው። ዐብደ ራፊዕ ከፍ የሚያደርገው አለው። በመዝሙሩ ያለው ሰው ግን ዐብድ ብቻ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣ የለም፣ የለም የሚለውም ራሱ ነው። ከኋላው የሚመጣውን ከራሱ ቆርጦ የጣለ አገልጋይ፣ ጌታ የሌለው ሳይሆን ጌታውን ያጣ። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ቃሉን ይህን ያህል ራቅ አድርገው ቢያስቀምጡትም፣ እኔ መሐሉን ስመለከት የማየው ይህንን ነው። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

በነጋታው ሐጅ ሲመጡ ስለ አብድዩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «የአንተስ ስም?» አሉ። የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው፤ ገብረ ሩፋኤል። ገብር ምን እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ስለዚህ አንተም ዐብድ ነህ!» አሉ፣ እጄን ጨበጡ። ከዚያ ቀጥለው ራፊዕና ሩፋኤል አንድ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ባለመዋሸቴ ደስ ይለኛል፤ አይደሉም። የእሳቸው ራፊዕ በዐይኑ ያበቃል፣ ከፍ ማድረግ ነው። የሩፋኤል ሥር በአልፋው ነው፣ መፈወስ ነው። ሩፋኤል «እግዚአብሔር ፈወሰ» ማለት ነው፤ በመጽሐፈ ጦቢት የዓሣውን ሐሞት አስይዞ የጦቢትን ዐይን ያበራው እሱ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን ልጆች ሁሉ በዝናብ የሚጠመቁት በእሱ በዓል ነው፤ አብደራፊም ያን ቀን ሰማዩ ከወረደ ጭቃው ጉልበት ይውጣል፣ ልጆቹ ግን አይቀሩም።

በአልፋው ያለው ያ ሥር በግእዝ ረፍአ ይሆናል፤ ሰፋ፣ ጠቀመ ማለት ነው። በዐረብኛም የተቀደደ ልብስ መጣፍ ነው። ሐጅ ይህን ሲሰሙ የለበሱትን ጀላቢያ እጅጌ ገልብጠው አሳዩኝ፤ ክርኑ ላይ በነጭ ክር የተጣፈ ቦታ ነበር። «ረፋ!» አሉ። ከዚህ ከረፍአ ግእዙ መርፍእ አለ፤ አማርኛው ደግሞ መርፌ።

አደራ ያልኳችሁ ቃል ይህ ነው። የልጅ ልጃቸው ያን ቀን 11ኛ ቀኑ ነበር። ሁለቱን መርፌ ሞልቼ በትሪው ላይ አስቀምጫቸው ነበር። ልጁ አያቱን አቅፎ ፊቱን ደረታቸው ላይ ደበቀ፤ እኔ በግራ ታፋው በኩል ቦታውን በአልኮል ጠረግሁ። ሐጅ በሹክሹክታ «ያ ራፊዕ» አሉ። እኔም በልቤ ሩፋኤልን ጠራሁ። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች አይደሉም፤ ያን ሰዓት የተጠሩት ግን ላንድ ልጅ ነው። በ17ኛው ቀን ሆዱ ጎድሎ፣ ምግብ እየጠየቀ ወጣ።

የአንገረብን ወንዝ፣ ድንበሩን ሲሻገር፣ ሱዳኖች ባሕር አስ ሰላም ይሉታል። እኛ ባሕር የምንለው ትልቁን ውኃ ነው፣ እነሱ ወንዙንም ባሕር ይሉታል። ሰላም የሚለው ግን በሁለቱም ዳርቻ ያው ሰላም ነው፤ ዐይን የለበት፣ የሚጠፋው ፊደል የለም።

ለከተማችን አስተማሪዎችና ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። የሰሌዳው አጻጻፍ ይቆይ፤ ከአማርኛ ጉሮሮ የወጣውን ድምፅ በቀለም አንመልሰውም። ነገር ግን በየክፍሉ ስሙ በአብዱ የሚጀምር ልጅ አለ። ጓደኞቹ ስሙን አጣመው ሲጠሩት ስትሰሙ በዝምታ አትለፉ። መጽሐፍ ቅዱሱን አምጡና ትንቢተ አብድዩን ገልጣችሁ አሳዩዋቸው፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት፣ ለማንበብ ዐሥር ደቂቃ አትፈጅም።